ማንም ያልጠየቀው አንቀጽ

እስቲ ንገረኝ፤ ጠበቃ የሌላቸውን ሰዎች እንድትረዳ አንዱ ገንዘብ ቢሰጥህ፣ ሌላው ደግሞ እጅህን አስሮ ቢልክህ፣ ውለታው የማን ነው? በደሉስ የማን? ቶሎ አትመልስ። ዳርሲ ኮቫክም ቶሎ አልመለሰችም፤ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከኦሃዮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ምድር ቤት በምትገኘው የተማሪዎች ማኅበር ክፍል ውስጥ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ በዚህ ወር ጨረታ ያወጣል። የውል ሕግ መምህሩ ለስምንት ሰው ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ ሠርተው ሊያበሉ ቃል ይገባሉ፤ አንዲት ዳኛ ከአሸናፊው ጋር ቦውሊንግ ሊጫወቱ ይስማማሉ፤ አንድ የቀድሞ ተማሪ ሐይቅ ዳር ያለች ጎጆውን ለሳምንት ይሰጣል። የሚሰበሰበው ገንዘብ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን፣ በዚህ አገር በጋ የሆነውን ዕረፍታቸውን፣ ደመወዝ መክፈል በማይችሉ የነጻ ሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ለሚያሳልፉ ተማሪዎች ይከፋፈላል። ትልልቆቹ የጠበቆች ድርጅቶች ዘንድ የሚሄድ ተማሪ በሁለት ሳምንት የሚያገኘውን፣ ድሃን ላግዝ ብሎ የወጣው በጋውን ሙሉ ሠርቶ አያገኘውም። ጨረታው ባይኖር ደግሞ ያቺንም አያገኛትም።

ዘንድሮ ግን አንድ ያልተለመደ ነገር ሆኗል። ዋልተር ብሩባከር የሚባሉ የማርደን አውራጃ አዛውንት ጠበቃ፣ ለስድስት ተማሪዎች የሚበቃ ገንዘብ በአንድ ቼክ ልከዋል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ስጦታ አይቶ አያውቅም። ከስድስቱ ተቀባዮች አንዷ ዳርሲ ናት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ተወልዳ ያደገችውም፣ ለበጋው የምትሄደውም ማርደን ነው። እዚያ ቴሬዛ ኦርትማን የምትባል ጠበቃ ብቻዋን የምትሠራበት ቢሮ አለ። በአውራጃው ፍርድ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ «ቤቱን ይልቀቁ» የሚሉ ክሶች ይሰማሉ፤ አንዱ ክስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ዳርሲ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከችሎቱ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተከራዮቹ ጋር ተቀምጣ፣ የደረሳቸውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ፤ ቀኑ ሕጉ በሚለው መንገድ መቆጠሩን ማየት፤ ካልተቆጠረ ሮጣ ኦርትማንን መጥራት። በቃ። ዓለምን እለውጣለሁ አላለችም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኔት ሆልኮም የቅዳሜውን የጨረታ ንግግሯን እያረመላት ነበር። በጨረታው መካከል አንድ ተቀባይ ተነስቶ ታሪኩን ይናገራል፤ ከዚያ አጫራቹ ምንም ሳይሸጥ እንዲያው በነጻ የሚሰጥ ሰው ቁጥሩን እንዲያነሳ ይጠይቃል። ያ ሰዓት ከቺሊውም ከጎጆውም የበለጠ ገንዘብ ያስገባል። ለዚህ ዓመት የተመረጠችው ዳርሲ ናት፤ ምክንያቱም አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ እሷና እናቷ ከሚኖሩባት ተጎታች ቤት ተባረው ነበር።

«ሦስት ደቂቃ ነው ያለሽ» አላት ኔት። «አንዱ ለእንባ፣ አንዱ ለተስፋ፣ አንዱ ለምስጋና።»

«እንባው የማን ነው? የእኔ ወይስ የነሱ?»

«የነሱ። አንቺ ካለቀስሽ ይደነግጣሉ። ድምፅሽ ትንሽ ቢሰበር ግን አይከፋም።»

«የቱ ጋ ልስበረው?»

«"እናቴ" ካልሽ በኋላ» አለ ኔት፤ ቀልድ አልነበረም። ቀጥሎ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ገፋ አደረገላት። «ይቺን ደግሞ ፈርሚልኝ። ሌሎቹ አምስቱ ሰኞ ፈርመዋል።»

ዳርሲ ማንበብ ጀመረች።

«ምን ታነቢያለሽ? ስጦታ እኮ ነው።»

«እናቴም ምን አነባለሁ ብላ ነው የፈረመችው» አለችና ገጹን ገለጠች። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ተቀባዩ በድጎማው ዘመን ከለጋሹ ወይም ከለጋሹ ደንበኞች ጥቅም ጋር በሚቃረን በማናቸውም ጉዳይ አይሳተፍም።»

«የተለመደ ነው» አለ ኔት።

«የብሩባከር ደንበኞች እነማን ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ዳርሲ ግን ታውቃለች። ማርደን ውስጥ የማያውቅ የለም። ሆሎው ፓይንስ የሚባለው ኩባንያ በአውራጃው ተጎታች ቤቶች የቆሙባቸው አራት ሰፈሮች አሉት። ቤቱ የነዋሪው ነው፤ ከቤቱ ሥር ያለው መሬት የኩባንያው። የቦታ ኪራይ ያጓደለ ሰው፣ ጎማው ከተነቀለ ሃያ ዓመት የሆነውን ቤት ጎትተህ ውጣ ይባላል። ማክሰኞ ማክሰኞ በኩባንያው ስም የሚቆሙት ብሩባከር ናቸው።

ኮሪደር ወጥታ ለቴሬዛ ኦርትማን ደወለች።

«ያለፈው ማክሰኞ ስንት ክስ ነበር?»

«አሥራ ስምንት።»

«የሆሎው ፓይንስስ?»

«አሥራ ሦስት። ምነው?»

ዳርሲ አንቀጹን አነበበችላት።

«እንግዲህ አምስቱን ልታግዢኝ ትችያለሽ» አለች ኦርትማን። «ከአምስቱ ሁለቱ ችሎት አይቀርቡም። ዳርሲ፣ ወረቀት ኮፒ የሚያደርግልኝ ሰው አጥቼ እንዳይመስልሽ። እሱን ማሽኑ ያደርገዋል፤ ደስ ባለው ቀን።»

በዚያው ዕለት ዳርሲ የትምህርት ቤቱ ዲን ሮዛሊንድ ፊች ዘንድ ገባች። ዲኗ ክፉ ሴት አይደሉም። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። የተማሪውን ሁሉ ስም ያውቃሉ፤ ተማሪ ሲታመም ሾርባ ይዘው ይሄዳሉ፤ ለድጎማው ገንዘብ ሲሉ ዓመቱን ሙሉ ከስልክ አይለዩም። ወረቀቱን እንኳ አልተቀበሏትም፤ ያውቁታል።

«ጥንቃቄ ነው» አሉ።

«ከምን?»

«ሰው በገዛ ገንዘቡ መከሰስ አይፈልግም፣ ዳርሲ።»

«ሚስተር ብሩባከር እንዲህ ብለዋል?»

«እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በአፉ አይናገረውም። ይታወቃል እንጂ።»

«ታዲያ እኔ ማርደን ሄጄ ምን ልሥራ?»

«የግድ ማርደን መሆን አለበት? እዚሁ ከተማ ለአረጋውያን ኑዛዜ የሚያዘጋጅ ቢሮ አለ። ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡም ያው ነው።»

«ማርደን ማን ይሄዳል ታዲያ?»

«ኮሚቴው በመስከረም ሲሰበሰብ አንቀጹን እንደገና እናየዋለን።»

«በጋው በነሐሴ ያልቃል፣ ዲን ፊች።»

«አውቃለሁ» አሉ ዲኗ። ያዘኑትም ከልባቸው ነበር። በዚህ አገር በመስከረም በሚሰበሰብ ኮሚቴ የተቀበረው ነገር ብዛት፣ መቃብር ቢቆፈርለት የእርሻ መሬት አይተርፍም ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ዓርብ ጠዋት ዳርሲ የክፍል ጓደኛዋን መኪና ተውሳ፣ የኦሃዮን ወንዝ ተከትላ ሁለት ሰዓት ነድታ ማርደን ገባች። ብሩባከርን ያገኘቻቸው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ምግብ ቤት፣ የባቄላ ሾርባ በበቆሎ ዳቦ ሲበሉ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ላይ መስሚያ አለ፤ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ ነው።

«ሚስተር ብሩባከር፣ ዳርሲ ኮቫክ እባላለሁ። ከሕግ ትምህርት ቤቱ ነው የመጣሁት። ከገንዘብዎ ተቀባዮች አንዷ ነኝ።»

«ገንዘቤ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ተቀመጪ። ሾርባው ጥሩ ነው። ዳቦው የትናንት ነው።»

አልተቀመጠችም። ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው። «አንቀጽ ስድስትን ለምን አስገቡት?»

ሰውየው መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁና ቀስ ብለው አነበቡ። «አላስገባሁትም» አሉ።

«ፊርማዎ አለበት እኮ።»

«ፊርማው የእኔ ነው። እኔ የላክሁት ቼክና አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። እነሱ አሥራ አንድ ገጽ መለሱልኝ። ሳነበው፣ እነዚህ ሰዎች ከሚስቴ የባሰ ይፈሩኛል አልኩ። የፈለጉት እነሱ ናቸው ብዬ ፈረምኩ። በሠርግ ላይ ስጦታ ሰጥተሽ ስለ መጠቅለያው ትከራከሪያለሽ?»

ዳርሲ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ከትናንት ጀምሮ በልቧ የተሰናዳችለት ጠላት ከፊቷ ሾርባ እየበላ ነው፤ የተሰናዳችለት ነገር ግን እሱ ዘንድ የለም።

«ታዲያ ገንዘቡን ለምን ሰጡ?»

ብሩባከር ዳቦውን ቆርሰው ሾርባው ውስጥ ጣሉት። «አርባ ዘጠኝ ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ቆሜያለሁ። ማዶ ያለው የጠበቃ ወንበር ባዶ ነው። ዳኛው የምትሉት አለ ወይ ይላል፤ ተከራዮቹ የለም ይላሉ። ሳልቀመጥ አሸንፋለሁ። መጀመሪያ ደስ ይላል። በኋላ ልማድ ይሆናል። አሁን ግን፣ እንዴት ልበልሽ፣ ብቻውን ካርታ የሚጫወት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ቢያጭበረብር እንኳ የሚይዘው የለም።»

«ጸጽቶዎት ነው ማለት ነው?»

«ጸጸት አትበይው። ደንበኛዬ ኪራዩን የማግኘት መብት አለው፤ እሟገትለታለሁ። አንቺ ብትመጪም ከአሥራ ሦስቱ አሥራ አንዱን አሸንፍሻለሁ። ሁለቱ ያላግባብ እንደሆኑ አውቃለሁ። የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ግን አላውቅም። እነሱን መፈለግ የእኔ ሥራ አይደለም። የማዶው ወንበር ሥራ ነው።»

«የዛሬ አሥራ አራት ዓመት እናቴን አስወጥተዋታል። ጁዲት ኮቫክ።»

ጥቂት አሰቡ። «አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ።»

«ምን አለች?»

«የለም አለች።»

«የደረሳት ማስጠንቀቂያ ደህና ነበር?»

«ማን አንብቦት?»

ብሩባከር ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ከደረት ኪሳቸው ብዕር፣ ከቦርሳቸው ስማቸው የታተመበት ወረቀት አወጡ። ሦስት መስመር ጻፉ። «አንቀጽ ስድስት እንዲገባ አልጠየቅሁም። አልፈልገውም። ይሰረዝ።» ከዚያ አስተናጋጇን ጠሩ።

«ዶሪስ፣ ነይ እዚህ ጋ ፈርሚ። እማኝ ሁኚኝ።»

«ምንድን ነው ደግሞ? እኔንም ሊያስወጡኝ ነው?» አለች ዶሪስ፣ የቡና ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች።

«ለአንቺ ሰዓቱ ገና ነው።»

«እንግዲያው ቲፑን ይጨምሩና ልፈርም» ብላ ፈረመች።

ዳርሲ መኪናው ውስጥ ገብታ ለኔት ደወለችለት። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች።

«አንቀጽ ስድስትን ማን ጻፈው?»

«የትኛውን?» አለ ኔት።

«ኔት።»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ባለፈው በጋ የሠራሁበት ድርጅት ውስጥ እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ አለ። ያለሱ ወረቀቱ ወረቀት አይመስልም ነበር። ገልብጬ አስገባሁት። ዲን ፊች ሲያዩት ብስለት ነው አሉኝ።»

«ሰውየው አልፈልገውም ብለዋል። ጽፈው ሰጥተውኛል።»

«ተመስገን» አለ ኔት፤ መተንፈሱ በስልኩ ተሰማ።

«ውል ሕግ ላይ ስንት ነበር ያገኘኸው?»

«ኤ።»

«አይገርምም» አለችና ዘጋችው።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፤ ተረቱ የተተረተው ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላው ሰው ውል ውስጥ የተቀበረ ወጥመድ መፈለግ የተማሩ ልጆች፣ የገዛ ራሳቸውን ወጥመድ በገዛ እጃቸው ቀበሩ፤ ያውም ማንም ሳያዛቸው፣ ወረቀቱ ቁም ነገረኛ እንዲመስል ብቻ። ሀብታም እስኪቆጣ የማይጠብቅ ሰው አለ፤ ቢቆጣ ምን ይል ነበር ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይቀጣል። ራሱን ብቻ ቢቀጣ ግድ የለም። የሚቀጣው ማርደን ያሉትን አሥራ ሦስት ሰዎች ነው፣ በየማክሰኞው።

ዳርሲ ግን በዚያ ሰዓት ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ጨረታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ደብዳቤውን ለዲን ፊች ሰጠች። ዲኗ አነበቡ፤ እንደገና አነበቡ፤ በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላት።

«ደግ ሰው ናቸው» አሉ። «ነገሩ ግን የሳቸው ብቻ አይደለም።»

«የሳቸው ገንዘብ ነው። የሳቸው ደንበኛ ነው።»

«ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት የጠበቆች ድርጅቶች ጠረጴዛ ገዝተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ደንበኛ አላቸው። ተማሪዎቻችንን የሚቀጥሩት እነሱ ናቸው። ዛሬ ይህን ብሰርዝ፣ ነገ ለነሱ ስጦታ ምን ዓይነት ውል አቀርባለሁ?»

«እንዲህ ይሁንልን ብለው ጠይቀዋል?»

«እንዳይጠይቁ ነው እኮ የገባው።»

ዳርሲ ለመመለስ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። እስካሁን የዲኗን ሐሳብ ያጣመመው ስለ ብሩባከር ያላቸው የተሳሳተ ግምት መስሏት ነበር። ግምቱ ተስተካከለ፤ ሐሳቡ ግን ያው ሆኖ ቀረ። ብሩባከር ኖሩም አልኖሩም አንቀጹ ይኖራል።

«የተለማመድሽውን ንግግር ብቻ ተናገሪልኝ» አሉ ዲን ፊች። ድምፃቸው የለሰለሰ ነበር። «ያንቺን ድጎማ እኔ ራሴ እከታተለዋለሁ። ኑዛዜ ቢሮው ሰኞውኑ ይቀበልሻል። የስጦታውን ውል እንደገና እንክፈተው ከተባለ ግን ለስድስታችሁም እስከ መስከረም ሊቆም ይችላል። አምስቱን አስቢያቸው።»

አሰበቻቸው። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ለሽያጭ የተደረደሩት የቼሪ ፓይ ኬኮች አጠገብ አምስቱንም ሰበሰበች፤ ኔትም ሳይጠራ መጥቶ ቆመ። አንቀጹን አነበበችላቸው። ከሰኞ በፊት ያነበበው አንድም አልነበረም፤ ከሰኞ በኋላም።

«ጋልት አውራጃ ላይም የሆሎው ፓይንስ ሰፈር አለ» አለች ኢማኒ የምትባለው ልጅ። «እኔ የምሄደው እዚያ ነው። ሰኞ ፈረምኩ።»

«አጥሩም ግቢውም ሁሉ የነሱ ነው እንዴ?» አለ ሌላው።

«ዝም አይነቅዝም» አለ ሦስተኛው፣ ኬሲ የሚሉት ረጅም ልጅ። «እኔ የስደተኞች ቢሮ ነው የምሄደው፤ ከኪራይ ጋር አልገናኝም። በሰኔ የቤት ኪራይ አለብኝ። አንቺ ደፋር ነሽ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ግን በእኔ ኪራይ አትደፋፈሪብኝ።»

«ልክ ነህ» አለች ዳርሲ። ልክ ነበርና።

«ታዲያ?»

«አንተ ፈርመሃል፤ የፈረምከው ይቆይልሃል። እኔ አልፈረምኩም። የእኔን ብቻ ነው የማነሳው። እነሱ የሁላችሁንም ካቆሙ፣ ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ ይህንንም ስማቸውን ጠርቼ እናገራለሁ።»

ኬሲ ፓዮቹን አየ። «አልወደድኩትም» አለ።

«እኔም አልወደድኩትም» አለች።

ኢማኒ ስትሄድ የዳርሲን ክንድ ነካ አድርጋ አለፈች።

አዳራሹ በሰው ሞልቶ ነበር። ክብ ጠረጴዛዎች፣ የዶሮ ክንፍ፣ አይብ፣ በካርቶን የሚመጣው ወይን ጠጅ። አጫራቹ የግብር ሕግ መምህር ነው፤ በዓመት አንድ ቀን የሚያስቅ ሰው። የመምህሩ ቺሊ በስምንት መቶ ዶላር ተሸጠ። የዳኛዋ ቦውሊንግ አንድ ሺህ አለፈ፤ ዳኛዋ ራሳቸው ተነስተው «በዚህ ዋጋ ሆን ብዬ እሸነፍላችኋለሁ» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። በመስጠታቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ደስ ሊላቸውም ይገባል። ከመካከላቸው አንድ እንኳ በገንዘቡ ምን እንዳይሠራ እንደታዘዘ የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ነው የሚያንገበግበው። ለጋሹን ንፉግ ያደረገው ራሱ ለጋሹ አይደለም፤ በስሙ የሚፈራለት ሌላ ነው፤ እሱም ስሙ በምን እንደተነሳ ሳያውቅ እያጨበጨበ ይቀመጣል።

ብሩባከር አልመጡም። ማታ መንዳት ትተዋል፤ ሲመለሱ ይመሽባቸዋል። ዲን ፊች ከመድረኩ ፊት ባለው ጠረጴዛ ከሦስት ድርጅቶች ኃላፊዎች ጋር ተቀምጠዋል።

ዳርሲ ስሟ ተጠርቶ ማይኩ ጋ ደረሰች። ኔት ከመድረኩ ሥር ሰዓት ያዥ ነው፤ በእጁ «አንድ ደቂቃ ቀረሽ» የሚል ካርቶን ይዟል።

«ዳርሲ ኮቫክ እባላለሁ» አለች። «የማርደን ልጅ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ እናቴ ዳኛ ፊት ቆማ፣ የምትዪው አለ ወይ ስትባል የለም አለች። የምትለው ጠፍቷት አልነበረም። የደረሳትን ወረቀት አንብቦ፣ ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም የሚላት ሰው አልነበራትም። በዚህ በጋ እኔ ያቺ ሰው ልሆን ነበር። የምትሰጡት ገንዘብ ለዚህ ነው ተብላችሁ ነው የመጣችሁት።»

አዳራሹ ገና እንባውን ይጠብቅ ነበር። ኔት ካርቶኑን ሊያነሳ ጀመረና መልሶ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

«እንድፈርም የተሰጠኝ ውል ግን እንዲህ ይላል» አለችና አንቀጹን ቃል በቃል አነበበች። ከዚያ የብሩባከርን ሦስት መስመር አነበበች። ከዚያ ያለፈው ማክሰኞ አሥራ ስምንት ክስ እንደነበር፣ አሥራ ሦስቱን መንካት እንደማትችል ነገረቻቸው። ድምፅዋን አላነሳችም። አንድ የድርጅት ኃላፊ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ይህን እኛ ነን ያልነው?» ሲል ከፊተኛው ጠረጴዛ ተሰማ፤ ጎረቤቱ ትከሻውን ነቀነቀ።

ዲን ፊች አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው የወይን ብርጭቋቸው እግር ላይ ነበር።

«ውሉን አልፈረምኩም» አለች ዳርሲ። «በዚህ መልኩ አልፈርምም። ድጎማውን ላጣ እንደምችል ተነግሮኛል። ሌሎቹ አምስቱ ምንም አላደረጉም፤ የነሱ ገንዘብ ከቆመ በእኔ ምክንያት ቆመ እንዳትሉ። ለጋሹ አልጠየቁም። እናንተም አልጠየቃችሁም። እኔ ማርደን ሄጄ ከሰዎቹ ጎን ልቀመጥ ወይስ አልቀመጥ የሚወስን አንድ ፊርማ ነው፤ ያ ፊርማ ደግሞ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሁን አጫራቹ ቁጥራችሁን አንሱ ይሏችኋል። ከማንሳታችሁ በፊት የምትሰጡት ለሥራው ይሁን ለዝምታው ማወቅ መብታችሁ ነው።»

ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ዞረች።

«ዲን ፊች፣ አንቀጽ ስድስት ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም? በመስከረም አይደለም። በደብዳቤ አይደለም። ቢሮዎ ውስጥ በሩን ዘግተንም አይደለም። ማይኩ ይኸው፤ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ።»